ለንጉሥ ጀርባዋን የሰጠች ከተማ

ሠፈሩ «እሜቴ ብሩሽ» ይላታል። ስሟ ጠፍቶባቸው አይደለም። ከዳቦ ቤቱ ታፔላ አንስቶ የጥርስ ሐኪሙ በር ላይ እስካለው አስፈሪ መንጋጋ ድረስ፣ በዚያ መንገድ ላይ የተጻፈው ፊደልና የተሣለው ሥዕል ሁሉ የእጇ ሥራ ስለሆነ፣ ብሩሹ ስሟን ዋጠው። እሷ ግን ቅር ብሏት አያውቅም። «ከአባቴ ቅጽል ስም በስንት ጣዕሙ!» ትላለች።

አባቷ ደግሞ «ጋሽ ጀርባ» ናቸው። በደህናው ጊዜ እሳቸውም የታፔላ ሠዓሊ ነበሩ፤ ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት፣ የሥራ ቤቱ ጥግ ከበርጩማቸው ላይ ሆነው የብሩሽ ድምፅ ያዳምጣሉ። «ቀለምሽ ወፍሯል፣ አኳራጅ ጨምሪበት» ይሏታል ሳያዩ። ጨምራ ስታቀጥነው ልክ ሆነው ይገኛሉ። ለምን «ጀርባ» እንደተባሉ ግን አንድም ቀን ነግረዋት አያውቁም። ጎረቤት ስትጠይቅ ትልልቆቹ ይስቁና ወሬ ይለውጣሉ።

እናቷን አታውቃትም። ጡት ሳትጥል ነው የሞተችባት። እናቱን በልጅነቱ ያጣ ሰው ቢያንስ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ፎቶ አያጣም፤ እሷ እሱም የላትም። «እናትሽ ፎቶ ቤት ደጃፍ ስትደርስ መንገድ ተሻግራ ነበር የምታልፈው» ይላሉ አባቷ፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። ጎረቤቶቹም አልረዷትም። አንዷ «ቁርጥ እናትሽን!» ስትላት፣ ሌላዋ ከጎን ገብታ «የምን እናቷን! ያን አፍንጫ ከየት አመጣችው ታዲያ?» ትላለች።

ልጅ ሳለች መስታወት ፊት ቆማ የአባቷን ነገር ከፊቷ ላይ ትቀንስ ነበር። አፍንጫዬ የአባባ ነው፣ ይውጣ። ጆሮዬም የሳቸው ነው፣ ይውጣ። የቀረው የእማዬ ነው። የቀረው ግን ፊት አይሞላም። አግብታ፣ ሴት ልጅ ወልዳ፣ ልጇ ሮጣ መንገድ ለመሻገር ደርሳ እንኳ ይህን ልማድ አልተወችውም። ሰው ሳያያት፣ ፊቷን ስትታጠብ፣ አሁንም ትቀንሳለች።

አንድ ጧት የአቀባበል ኮሚቴው ጸሐፊ ክራቫቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ቀለም እንዳይነካው በጎኑ እየሄደ ሥራ ቤቷ ገባ።

«ልዕልቲቱ መምጣቷን ሰምተሻል አይደል?»

«ያልሰማ አለ? አስፋልቱን እኮ በሳሙና ሲያጥቡት ነው ያደሩት።»

«እንግዲያው ለአዳራሹ መግቢያ አንድ ምሳሌያዊ ሥዕል እንፈልጋለን። አራት ሴቶች። አንዷ ሰላም፣ አንዷ በረከት፣ አንዷ ሥራ፣ አንዷ ዕውቀት። ቆመው ልዕልቲቱን ሲቀበሉ። በነጭ ላይ በጥቁር መስመር ብቻ፤ ኩራት ያለው ነገር።» መጠኑን በእጁ ሊያሳያት ሲዘረጋ እጁ አልበቃ አለው። ሊወጣ ሲል ዞሮ ጥግ ያሉትን ሽማግሌ ገረፍ አድርጎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብቻ አደራ፣ እንደ አባትሽ ጀርባ እንዳትሰጪን።»

አባቷ ሰምተዋል። የሻይ ብርጭቋቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጥ አደረጉት።

ችግሩ ሰሌዳ ነበር። የከተማው ጣውላ ሁሉ ለመድረክና ለደጅ ማስጌጫ ተወስዷል። ያን የሚያህል ሰሌዳ ቢፈለግ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከሥራ ቤቱ ወደ መኝታ ክፍሉ ማለፊያ ላይ እንደ ግድግዳ የቆመው። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው ነው። በጋዜጣ ተለብጦ፣ በጋዜጣው ላይ ምስማር ተመትቶ፣ በምስማሩ ላይ የቤቱ ልብስ ሁሉ ይሰቀልበታል።

«እሱን ተይው» አሉ አባቷ፣ ምስማሩን ስትነቅል ድምፁን ሰምተው።

«አባባ፣ ጣውላ ነው እኮ።»

«ጣውላማ ነው።» «ጣውላ ቀለም ይጠጣል። ነጩን ሦስት ጊዜ ደራርቢበት።»

ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ጠብቃ አሸከመችው። «እኔ አውቶቡስ እንጂ ግድግዳ አልነዳም ብያለሁ» እያለ፣ እያቃሰተ፣ ወደ ሥራ ቤቱ አዞሩትና በጣሪያው መስኮት ሥር አቆሙት። ጋዜጣውን በእርጥብ ጨርቅ ስትልጠው ከሥሩ የቢጫ ጥርስ ቀለም ያለው አሮጌ ነጭ ብቅ አለ። በላዩ ላይ አዲሱን ነጭ ደረበች፤ ሦስት ጊዜ፣ እንደተባለችው።

አሠራሯ የአባቷ ነው። ሥዕሉን መጀመሪያ በትልቅ ወረቀት ላይ ትነድፋለች፤ ከዚያ መስመሩን ተከትላ ወረቀቱን በመርፌ ትበሳሳዋለች። የተበሳሳውን ሰሌዳው ላይ ለጥፋ፣ የከሰል ዱቄት በቋጠረችበት ጨርቅ ጠብ ጠብ ስታደርግበት፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ሰሌዳው ላይ ነጠብጣብ ይተዋል። ነጠብጣቡን በብሩሽ ማያያዝ ነው የሚቀረው። የተበሳ ወረቀት ካለ አንድን ፊት መቶ ጊዜ ማውጣት ይቻላል።

ፊት ደግሞ ከራሷ አታወጣም፤ ሰው አቁማ ነው። ለበረከት ዳቦ ሻጯን አቆመች። ለሥራ ልብስ ሰፊዋን፤ እሷ የእንጨት ሣጥን ላይ ቆማ መቀስ ይዛ አፏ አላርፍ አለ።

«አንቺ፣ ሆዴን ቀነስ አድርጊልኝ እንጂ። ልዕልት ናት እኮ የምታየኝ!»

«ሥራን ነው የምታየው፣ አንቺን ማን ያይሻል።»

«ሥራ ሆዳም ናት እንዴ?»

«ዝም በይ፣ አገጭሽ ተንቀሳቀሰ። አይዞሽ፣ ትንሽ ቆዪልኝ፣ ጨረስኩ።» ይህ ቃሏ ነው። ሥራው ገና ግማሽ ሳይደርስም ለቆመላት ሰው ሁሉ «አይዞሽ፣ ትንሽ ቆዪልኝ፣ ጨረስኩ» ትላለች። ማንም አያምናትም፤ ግን ይቆሙላታል።

አራቱ ሴቶች በነጠብጣብ ከወጡ በኋላ፣ አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ በጣሪያው መስኮት ቀጥ ብላ ሰሌዳው ላይ ስትወርድ፣ ትንሿ ልጇ መሬት ላይ ተቀምጣ በእርሳስ ስትጫወት ቀና አለች።

«እማዬ፣ ማናት በባዶ እግሯ የቆመችው?»

«ሁሉም ጫማ አላቸው ሚጣዬ።»

«እቺ የላትም።»

ጎንበስ ብላ አየች። በሰላምና በሥራ መካከል፣ ከሰሌዳው ግርጌ፣ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ነገር ነበር። ቀረብ ብላ ስታየው ተረከዝ ነው። አንድ የሴት ተረከዝ፣ ክብ ብሎ፣ ትንሽ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ብሎ፣ ከመሬት ሊነሳ እንዳለ። አሮጌ ቀለም በአዲስ ነጭ ሥር መውጣቱ ለባለሙያ ብርቅ አይደለም። አልደነገጠችም። ነጩን ደረበችበትና ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ሁለት ተረከዝና የቀሚስ ጠርዝ ነበር። ደረበችበት። በሦስተኛው ቀን ቀሚሱ እስከ ወገብ ደረሰ፤ በአራተኛው ትከሻ፣ አንገት፣ በአንገቱ ላይ የወረደ ሹሩባ። ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ሰሌዳው ውስጥ የምትራመድ ሴት ናት። ከአራቱ አንዷም አታያትም፤ እሷም አንዳቸውን አታይም።

«እማዬ፣ ሴትዮዋ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለች ልጅቷ።

ጥግ በኩል ብርጭቆ ከሳህኑ ጋር ሲንቀጫቀጭ ተሰማ። አባቷ ሻዩን ለማስቀመጥ ቦታው ጠፍቷቸው ነው።

«ወጣች እንዴ?» አሉ።

«ማን አባባ?»

«እናትሽ።»

ብሩሿን አኳራጁ ውስጥ ነክራ እዚያው ተወችው። እሳቸውም፣ ስንት ዓመት ሙሉ የዘጉትን ነገር፣ የተበላሸ ቁልፍ ሲከፈት እንደሚያደርገው እያንገራገጩ አወጡት።

የዚህችው ልዕልት አያት፣ ንጉሡ፣ ሊጎበኙ በመጡ ጊዜ እሳቸው ጎረምሳ ሠዓሊ ነበሩ። ለከተማው በር ምሳሌያዊ ሥዕል ታዘዙ። ከተማዋ ሴት ሆና እንግዳዋን ልትቀበል ስትወጣ። ሚስታቸውን ቁሚልኝ ቢሏት ሳቀችባቸው። «ፊቴን ለንጉሥ አልሰጥም» አለች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ፊቴ የልጄ ነው። እሱን ለሌላ ከሰጠሁ ለሷ ምን ይቀራታል? ጀርባዬን ከፈለግህ ሣል።» ቀልዷን ነበር። እሳቸው ግን ለምን አይሆንም አሉ። ከተማዋ ከሕዝቡ ፊት ፊት ሆና እንግዳውን ልትቀበል ስትሄድ፣ ሕዝቡ የሚያየው ጀርባዋን አይደል? ጥሩ አድርገው ሣሉት። እንዲያውም ከዚያ የተሻለ ሥዕል በሕይወታቸው አልሠሩም።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሰቀሉት። የሰቀሉት ግን ንጉሡ በሚገቡበት በኩል አዙረው ነው። እኔ ደግሞ በየት በኩል ትሰቅሉታላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። የሕዝብ ዓይን ይዤ የሣልኩትን የንጉሥ ዓይን ፊት አቆሙት።» ጉንጫቸው የሚስቅ መሰለ። «ከተማው ለንጉሡ ጀርባውን ሰጠ ተባለ። የንጉሡ አጃቢ ሞተር ብስክሌቶች ብቅ ሲሉ ነው ገንድሰው ያወረዱት። እኔም ሰሌዳውን በነጭ ቀብቼ ቤቴ አቆምኩት፤ ይኸው ጀርባ ሆኜ ቀረሁ።»

«ፊቷስ አባባ?» ድምፅዋ የልጇን ድምፅ መሰለ። «ከሥሩ ፊቷም ይወጣል?»

«ፊት የለውም ልጄ። ጀርባ ነው የሣልኩት አልኩሽ። ፊቷን በወረቀትም በጣውላም ሣልኩት የምልበት ቀን የለም። ጠብቀሽ አትድከሚ።»

ጠበቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጩን መደረብ አቆመች።

እሷ በእጇ የምትለካውን እንጂ በጆሮዋ የምትሰማውን ብዙም የምታምን አይደለችም። ስለዚህ ክር አመጣች። ከሹሩባው እስከ ቀኝ ትከሻው ጫፍ ለካችና ክሩን ቋጠረችው። በማግስቱ፣ ፀሐይዋ እንደወረደች፣ ክሩን ብታስጠጋው ተረፋት። ሹሩባው ወደ ትከሻው ቀርቧል። በሌላው ቀን ጆሮ ነበር። ከዚያ የጉንጭ ጠርዝ፤ ጨረቃ ስትጀምር የምትመስል ቀጭን የጉንጭ ጠርዝ። እንጨቱ ነጩን እኩል ስላልጠጣው ነው አለች ለራሷ። እንጨት ቀለም ይጠጣል፤ አንገት ግን አያዞርም።

ልብስ ሰፊዋ ለመጨረሻ ጊዜ መጥታ ሣጥኑ ላይ ወጣች፤ ሰሌዳው ከኋላዋ ነው። ያ አፏ እንደ ልማዱ ሲሮጥ ቆየና ድንገት ተቋረጠ።

«አንቺ፣ ከኋላዬ ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«አንገቴን ትንፋሽ ነካኝ። በሩን ዝጊዋ።»

«ዝግ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን በእጇ ሸፈነች። ከዚያ መቀሱን ሣጥኑ ላይ አስቀምጣ፣ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ወረደችና፣ ሻርፗን ከበሩ እጀታ ላይ አንስታ ወጣች። «ሆዴን እንደፈለግሽ አድርጊው» አለች ከውጭ። መቀሷን ልትወስድ እንኳ አልተመለሰችም።

የፊቷ አንድ ወገን፣ ግንባሩ፣ አፍንጫው፣ ከንፈሩ በሙሉ በወጣ ቀን፣ እሜቴ ብሩሽ የአባቷን እጅ ይዛ ወደ ሰሌዳው አመጣቻቸው። ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ያያል፤ አሮጌ ቀለም በነጭ ቢሸፈንም የብሩሹ ጉብታ አይጠፋም፣ የራሱን እጅ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ያነበዋል። ከተረከዙ ጀመሩ። «አዎ፣ እሷ ናት» አሉ። በቀሚሱ ወጡ። «እዚህ ጋ ብሩሼ ጠጉሩን ረግፎብኝ ነበር፣ ይኸው።» ፈገግ አሉ። ትከሻ። አንገት። «አሁን ሹሩባዋ...»

ጣታቸው ቆመ። ትንሽ ወደ ግራ ሄደ፤ ተመለሰ። አፍንጫው ላይ ሲያርፍ የጋለ ብረት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡት። መልሰው አስጠጉት። ቅንድቡን ተከትለው ሄደው መሐል ላይ የጎደለች ስንጥር አገኙ።

«መሰላሌን ይዛልኝ ሳለች የቀለም ጣሳ ወርዶባት ነው» አሉ በሹክሹክታ። «ቅንድቧ እዚህ ጋ አልበቀለም። ይሄን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለራሴም ረስቼው ነበር።»

«አባባ፣ እርስዎ ነዎት የሣሉት?»

«እኔ ይሄን አልሣልኩም።» ወደ ኋላቸው ተስበው በርጩማቸውን በእግራቸው ፈለጉ። ከተቀመጡ በኋላ ለረዥም ጊዜ ጣቶቻቸውን እርስ በርስ ሲያሹ ቆዩ። «ለእኔ ደግሞ አይደለም የምትዞረው። ለእኔ ቢሆንማ በዚያን ጊዜ ስለምናት ትዞር ነበር።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጸሐፊው መጣ። ሴትዮዋ አሁን ፊቷን ወደ ክፍሉ ልታዞር ጥቂት ነው የቀራት። ዓይኖቿ ወደ መሬት ናቸው፤ ሽፋናቸው ብቻ ይታያል። ሌላ አንድ እኩለ ቀን ቢጨመርላት ቀና የምትል ነው የምትመስለው።

«አራት ነው ያልነው!» አለ ጸሐፊው። «እቺ ቡናማዋ ማናት?»

«ከድሮው ሥዕል ናት። አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ።»

«የምን አንድ ቀን? ልዕልቲቱ ነገ ጧት ትገባለች። መኪናው ከሰዓት በኋላ መጥቶ ይወስደዋል።» ከዚያ ተረከዙን አየ፣ ቀሚሱን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ። «ይሄ... ይሄ ያ ሰሌዳ ነው እንዴ? አንቺ ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? አጥፊያት! አንቺ ካላጠፋሻት ሠራተኞቼ በሮለር ያጠፏታል፣ አራቱንም ጭምር ቢያበላሹ የራስሽ ጉዳይ ነው።»

ሲወጣ በሩን እንኳ አልዘጋውም። ባሏ ሥራ ላይ ነው። ልጅቷ ደጅ ትጫወታለች። አባቷ ጥግ ላይ ናቸው። እናቷን ልታይ ጥቂት ቀርቷት፣ ሰሌዳው በዚያም ሆነ በዚህ ሊሄድ ነው። ተቀምጣ ብታለቅስ ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን የምግብ ዘይቱን ከመደርደሪያው አወረደች።

ስስ ወረቀት በዘይት ሲታሽ እንደ መስኮት መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። አንዱን ትልቅ ወረቀት አሸችና ፊቱ ላይ ለጠፈችው፤ ከሥር ቡናማው መስመር ጥርት ብሎ ታየ። መርፌዋን ከቀሚሷ ደረት ላይ ነቅላ ጀመረች። ከአገጩ፣ በጉንጩ፣ ወደ ጆሮው፣ ነጥብ በነጥብ። የተጎረደውን ቅንድብ ስትደርስበት እጇን አቅልላ፣ ቦታውን ባዶ ዘለለችው።

ከንፈሩ ላይ ስትደርስ ወረቀቱ ተነሣ። ቀስ ብሎ ከሰሌዳው ተነፋ፤ ቀስ ብሎ ተመልሶ ተኛ። በሩን አየችው፤ ራሷ ናት የዘጋችው። ንፋስ የለም። ወረቀቱ እንደገና ተነፋ፣ ተኛ። መርፌዋን ከዚያ ጋር ማስማማት ነበረባት፤ ሲተኛ መውጋት፣ ሲነሣ መጠበቅ። ጥቂት ቆይታ እሷም አብራ እየተነፈሰች መሆኑ ታወቃት።

ዓይኖቹን ለመጨረሻ ነው የተወቻቸው። ፀሐይዋ በጣሪያው መስኮት ቀጥ ብላ ወረደች፣ ዘይት የጠጣውም ወረቀት በራ። የተዘጉ ሽፋኖችን ልትበሳ መርፌዋን አስጠጋች፤ ሽፋን አልነበረም። ከወረቀቱ ሥር ሁለት ዓይኖች ተከፍተው ያይዋታል። መንገዱን አይደለም፣ አዳራሹንም አይደለም፣ የሚመጣውንም እንግዳ አይደለም። እሷን ነው።

ጀርባዋ በላብ ራሰ። ከአፏ የወጣው ግን ለሰው ሁሉ የምትለው ቃሏ ነው፤ «አይዞሽ፣ ትንሽ ቆዪልኝ። ጨረስኩ።»

ቆየችላት። ሁለቱንም ዓይኖች፣ ብሌናቸው ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብርሃን ሳይቀር፣ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ቆየችላት። ወረቀቱን ስትልጠው ግን ከሥሩ የደበዘዘ ቡናማ እንጂ ሌላ አልነበረም። አንድ ነጭ ደረበችበት። ያ ስንት ጊዜ ተደርቦበት የማይጠፋው ነገር በዚያች አንዲት ቀለም ከራስ እስከ እግሩ ጠፋ፤ ደርቆም አልተመለሰ።

በሰላምና በሥራ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረ። ጸሐፊው ከመኪናው ጋር ሲመጣ እሱን ነው ያየው።

«ይሄ ክፍተት ምንድን ነው?»

«እንግዳዋ የምታልፍበት ነው» አለች፣ እጇን እየጠረገች። «ቦታ ካልተውንላት በየት ትገባለች?»

ጸሐፊው አሰበበት። ወደደው። በማግስቱ ለኮሚቴው አባላት ሁሉ «ያቺን ክፍት ቦታ ያሰብኳት እኔ ነኝ» ሲል በጆሮዋ ሰማችው።

ሥዕሉ በአዳራሹ መግቢያ ቆሞ፣ እሷም ከጎን ከሠራተኞቹ ጋር ቆማ ነበር ልዕልቲቱ ስትገባ። ቀጭን፣ የደከማት የምትመስል ሴት ናት፤ ፈገግታዋን በየደረጃው ታድለዋለች። በረከትን አየች፣ አለፈች። ዕውቀትን አየች፣ አለፈች። ባዶው ቦታ ፊት ስትደርስ ግን እርምጃዋን ቆም አድርጋ፣ ቀሚሷን በእጇ ሰብሰብ አድርጋ፣ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ አለች፤ ጠባብ በር ላይ የሚወጣ ሰው ሲያጋጥም እንደሚደረገው። ከኋላዋ ያለችው አጃቢም ፈቀቅ አለች። ከዚያ ሁለቱም ምንም እንዳልተፈጠረ ሄዱ። ማንም ልብ ያለው የለም። እሜቴ ብሩሽ ግን አዲስ ቀለም ሸተታት፣ ክንዷንም አንድ የሞቀ ነገር ታክኳት አለፈ።

ቤት ስትገባ ባሏ አምፖሉን አብርቶላት፣ ሰሌዳው ይቆምበት ከነበረው ቦታ አጠገብ፣ ነጩ ግድግዳ ላይ ወረቀቱን ለጠፈችው። የከሰሉን ቋጠሮ ጠብ ጠብ አደረገች። ስታነሣው ፊቱ እዚያ ነበር።

መስታወቱን ይዛ አጠገቡ ቆመች። እንደ ልማዷ ልትቀንስ ጀመረች፤ አፍንጫ፣ ጆሮ። ከሷ ፊት ጋር የሚገጥም ነገር የለም። ያ ሁሉ «ቁርጥ እናትሽን» ባዶ ወሬ ነበር። ልታዝን ስትል ግን ልጅቷ እግሯ ሥር ሾልካ መጥታ ግድግዳው ሥር ቆመች። ያው ግንባር፣ ያው የላይ ከንፈር፣ ሊስቅ ሲል አንድ ወገኑ ብቻ የሚነሣው። ባሏ ከአንዱ ወደ ሌላው አየና «ይቺን ይሆን እንዴ ያቆምሽው?» አለ። ስንት ዓመት መስታወት ውስጥ የፈለገችውን ነገር በየቀኑ ጸጉሩን ስትጎነጉነው ነው የኖረችው።

«እኔ ነኝ?» አለች ልጅቷ።

«አያትሽ ናት፣ የእኔ እናት።»

«እህ። ሴትዮዋ ናታ።» ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

አባቷ ወረቀቱን ስጪኝ አሉ። ገልብጠው በጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ መርፌ ያለፈበት ወረቀት በጀርባው በኩል ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። በጣታቸው ከአገጩ ጀምረው፣ በተጎረደው ቅንድብ አልፈው፣ ዓይኖቹ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን እዚያው አሳረፉት።

«ዞረች» አሉ። እራት ቀርቦ ሲጠሩም እጃቸውን አላነሡም።

ልዕልቲቱ ከሄደች በኋላ ኮሚቴው ሰሌዳውን መለሰላት። ባሏ ከጓደኛው ጋር አምጥቶ፣ «ግድግዳሽን ተቀበይ» ብሎ፣ የቀድሞ ቦታው ላይ አቆመው። አራቱ ሴቶች አሁን የመኝታ ክፍሉን ያያሉ። ልብስ ሰፊዋ ሰምታ ልታየው መጣችና፣ መቀሷን ተቀብላ፣ ሆዷን በእጇ ለክታ፣ «ይኸው፣ አልቀነሰችልኝም» ብላ ሄደች።

በማግስቱ አዲስ ምስማር መትታበት፣ የታጠበውን ልብስ ልታነሣ ጎንበስ ስትል፣ በሰላምና በሥራ መካከል፣ ከሰሌዳው ግርጌ፣ የሻይ ጠብታ የሚመስል ነገር አየች። ያ ተረከዝ በወጣበት ቦታ ነው። ተረከዝ ግን አልነበረም። አምስት የእግር ጣቶች ናቸው፣ ወደ ክፍሉ የዞሩ፤ የትልቁ ጣት ጫፍ የሰሌዳውን ጠርዝ አልፏል።

የነጩ ቀለም ጣሳ አጠገቧ ነበር። ብሩሹን ነከረችው፣ አንጠፈጠፈችው፣ ትንሽ አሰበች። ከዚያ መልሳ ጣሳው አፍ ላይ አጋደመችው።

«ጣውላ ቀለም ይጠጣል» አለች ለማንም ሳይሆን፣ የልጇንም ቀሚስ ምስማሩ ላይ፣ ከጣቶቹ ፈንጠር አድርጋ ሰቀለችው።